ዳቦው ለምን ይርሳል? የአንባቢያን የሳንድዊች ጥያቄዎች

ባለፈው ዕትም «የምትወዱት ሳንድዊች የትኛው ነው? የሚያጣፍጠውስ ምኑ ነው?» ብለን ጠይቀናችሁ ነበር። ከአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከሰበታና ከዱከም የደረሱን ደብዳቤዎች የምትወዱትን ነግረውናል፤ ወዲያው ደግሞ «ግን እኔ ስሠራው ለምን እንዲህ ይሆናል?» ይላሉ። አንዱ ስለ እንቁላል፣ ሌላው ስለ ድንች፣ ሌላዋ ስለ አቮካዶ ጽፋለች። ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን አድርገን ስናነብ አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከውሃ ሆኖ አገኘነው። ውሃ ያለቦታው ሲገባ ዳቦው ይርሳል፣ ጥብሱ ይልፈሰፈሳል፣ ጨውና ቅመሙም ይሳሳል። ከዳቦው ሲጠፋ ደግሞ ጉሮሮ ይፍቃል። መልሶቻችንን ስታነቡ ይህን ልብ በሉ።

«ቤት ስቀምሰው ግሩም ነው፤ ትምህርት ቤት ሲደርስ ሊጥ ይሆናል»

*ለሁለት ልጆቼ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የእንቁላል ሳንድዊች እሠራለሁ። ከቲማቲም፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ጠብሼ፣ ዳቦ ውስጥ አድርጌ፣ በፌስታል ጠቅልዬ ምሳ ዕቃቸው ውስጥ እከታለሁ። 6 ሰዓት ላይ ሲከፍቱት የታችኛው ዳቦ ርሶ ግማሹን ይመልሱታል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከኮዬ ፈጬ)*

እህታችን፣ ዳቦዎን የሚያረጥቡት ሦስት ውሃዎች ናቸው፤ የቲማቲሙ፣ የእንቁላሉና የእንፋሎቱ።

ቲማቲም ከመቶ 94 ያህሉ ውሃ ነው። ቶሎ የሚፈሰው ደግሞ ፍሬዎቹን ያቀፈው ዝልግልግ ክፍል ነው። ቲማቲሙን በወርዱ ለሁለት ይክፈሉና ያንን በሻይ ማንኪያ ጠርገው ያውጡት (ጣዕም ስላለው አይድፉት፤ ለማታው ወጥ ይሆናል)። ሥጋውን ብቻ ይክተፉ። በ1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት መጀመሪያ ሽንኩርቱን 3 ደቂቃ፣ ቀጥሎ ቲማቲሙን ጨምረው ሌላ 4 ደቂቃ ይጥበሱ። መድረሱን ለማወቅ በማማሰያው ከመሐል ወደ ዳር አንድ መስመር ያስምሩ። የመጥበሻው ወለል ደርቆ ከታየና መስመሩ ወዲያው ካልተዘጋ ውሃው አልቋል። የሚሮጥ ቀይ ፈሳሽ ከሞላው ገና ነው። ቃሪያው የሚገባው እዚህ ጋ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ሽታውና ኩርሽምታው ይጠፋል።

ወደ እንቁላሉ እንለፍ። እንቁላል ከልክ በላይ ሲበስል ይጨማደድና የያዘውን ውሃ ይተፋል። ሰሐን ላይ ያስቀመጡት ጥብስ ሥሩ ውሃ ካቆረ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለአንድ መካከለኛ ዳቦ 2 እንቁላልና አንድ ቁንጥር ጨው ይበቃል። እሳቱ መካከለኛ ይሁን፤ ፈሳሹ በሙሉ እንደረጋ ሳይደርቅ ያውርዱት። ሳይፈረፍር እንደ ቂጣ አንድ ላይ ረግቶ የታጠፈ እንቁላል ለምሳ ዕቃ ይሻላል፤ ፍርፍሩ ዳቦው ሲነከስ ይረግፋል፣ ውሃም በየክፍተቱ ያጠራቅማል።

ትልቁ ጥፋት ግን ፌስታሉ ነው። ትኩስ እንቁላል በፌስታል ሲታፈን እንፋሎቱ የሚወጣበት ስለሚያጣ ወደ ውሃነት ተመልሶ ዳቦው ላይ ይንጠባጠባል። እንቁላሉን ወንፊት ወይም የሽቦ መደርደሪያ ላይ ከሥሩም አየር እንዲያገኘው አድርገው 10 ደቂቃ ያቀዝቅዙት። ሰሐን ላይ ከሆነ ሥሩ ያልባል። የዳቦውን ሁለት የተቆረጡ ገጾች በደረቅ መጥበሻ ላይ 1 ደቂቃ ይደፉና፣ ሲቀዘቅዙ እያንዳንዳቸውን 1 የሻይ ማንኪያ የገበታ ቅቤ እስከ ጠርዙ ድረስ ይቀቧቸው። ቅባቱ ውሃ አያሳልፍም፤ ያልተቀባ ጠርዝ ካለ ግን መራሱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በንጹሕ ወረቀት ወይም በጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ይክተቱት።

አንድ ነገር አደራ እንበል። የበሰለ እንቁላል ያለ ቅዝቃዜ ከ2 ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመከራል፤ የልጆችዎ ደግሞ ከ5 ሰዓት በላይ ይቆያል። ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩና በምሳ ዕቃው ቦርሳ ውስጥ ከሳንድዊቹ ጋር አስጠግተው ያስቀምጡት። ሲቀልጥ የሚጠጡት ውሃ ይሆናቸዋል። ፍሪዘር ከሌለ የእንቁላሉን ሳንድዊች ለቅዳሜ ቁርስ ያቆዩትና ለትምህርት ቀን የኦቾሎኒ ቅቤ ከሙዝ ጋር ይያዙላቸው። ኦቾሎኒው ቅባት ስለሆነ ዳቦውን አያረጥብም፣ ቶሎም አይበላሽም፤ ሙዙን ግን ልጣጩን ሳይልጡ ይላኩትና እዚያው ይክተቱበት።

«የኔ እርጥብ ድንቹ ይልፈሰፈሳል»

*የኮንስትራክሽን ሠራተኞች በሚበዙበት አካባቢ እርጥብ እሸጣለሁ። ዳቦ ውስጥ የተጠበሰ ድንች፣ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ከላይ የሚያቃጥል ስጎ አደርጋለሁ። ድንቹ ከዘይት ሲወጣ ጥሩ ነው፤ 5 ደቂቃ ሳይቆይ ይልፈሰፈሳል። አንዳንዴ ደግሞ ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ለአንድ ዳቦ ስንት ግራም ድንች ይበቃል? (ከለገጣፎ)*

ወንድማችን፣ እርጥብን እኛም እንወደዋለን። ስሙ እርጥብ ይሁን እንጂ እርጥበቱ መምጣት ያለበት ከስጎው ነው፤ ከዘይቱና ከድንቹ ውስጥ መምጣት የለበትም። ትኩስና ኩርሽም የሚል ድንች፣ ቀዝቃዛና ኮምጠጥ ያለ ሽንኩርት፣ የሚያቃጥል ስጎ፣ ሁሉንም የሚሸከም ለስላሳ ዳቦ፤ ጣዕሙ ያለው በእነዚህ ልዩነት ላይ ነው። ድንቹ ሲለፈሰፍስ ልዩነቱ ይጠፋና ሁሉም አንድ ዓይነት ለስላሳ ነገር ይሆናል።

አንድ ጊዜ ብቻ የተጠበሰ ድንች አብዛኛውን ጊዜ ይለፈሰፍሳል። ውስጡ የቀረው ውሃ በእንፋሎት መልክ ወደ ቅርፊቱ ይወጣና ያረጥበዋል። ስለዚህ ሥራው በሦስት ደረጃ ይሁን።

ድንቹን 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርገህ ቁረጠው። ሁሉም እኩል ይሁን፤ ቀጭኑ ሲያር ወፍራሙ ጥሬ የሚሆነው ለዚህ ነው። ውሃው እስኪጠራ ሁለት ሦስት ጊዜ እጠበው፤ ነጩ ስታርች ካልታጠበ ድንቹ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይጠቁራል። ከዚያ ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶና 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምረህ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ቀቅለው። አቼቶው የድንቹን አካል አጥብቆ ስለሚይዘው በስሎም አይፈርስም። አጥንፈህ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርጋው። ላዩ ደርቆ ነጣ እስኪል ጠብቅ፤ እርጥብ ድንች ዘይቱን ያቀዘቅዛል፣ ይረጫልም።

የመጀመሪያው ጥብስ በመካከለኛ ዘይት (150 ዲግሪ ገደማ) 5 ደቂቃ ነው። ቀለም መያዝ የለበትም። አውጥተህ ቢያንስ 20 ደቂቃ አቀዝቅዘው። ይህን ሁሉ ጠዋት ጨርሰህ ማስቀመጥ ትችላለህ። ደንበኛ ሲመጣ በ180 ዲግሪ ዘይት ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ትጠብሰዋለህ፤ ወርቃማ ሲሆንና የዘይቱ ጩኸት ሲቀንስ አውጣው። ጩኸቱ ከድንቹ የሚወጣው ውሃ ድምፅ ነው፤ ሲቀንስ ውሃው አልቋል ማለት ነው። ቴርሞሜትር ከሌለህ ትንሽ የዳቦ ቁራጭ ዘይቱ ውስጥ ጣል፤ በ1 ደቂቃ ያህል ቡናማ ከሆነ ለሁለተኛው ጥብስ ደርሷል፤ በ20 ሰኮንድ ከጠቆረ በጣም ግሏል።

ለ1 ሊትር ዘይት በአንዴ ከ200 እስከ 250 ግራም ድንች ብቻ ክተት። ወረፋ ሲበዛ መጥበሻውን መሙላት ያጓጓል፤ ግን ዘይቱ ወዲያው ይቀዘቅዝና ድንቹ ከመጠበስ ይልቅ ዘይት ይጠጣል። ለአንድ ዳቦ የተጠበሰ 100 ግራም ይበቃል። ከ1 ኪሎ ያልተላጠ ድንች አራት፣ ቢበዛ አምስት ዳቦ ታወጣለህ፤ ሒሳብህን በዚህ ሥራው። ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ የሚሆነው አንድም ዘይቱ ከመጠን በላይ ስለጋለ፣ አንድም ድንቹ ፍሪጅ ውስጥ ስለከረመ ነው። ድንች ብርድ ሲያገኘው ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ስኳሩም ቶሎ ያራል። ድንቹን በጨለማና አየር ባለው ቦታ በጆንያ አስቀምጥ። ጠቆር ያለ፣ የሚያረፋና ገና ሳይግል የሚጨስ ዘይት ደግሞ ጊዜው አልፏል፤ መራራነቱን ምንም ስጎ አይሸፍነውም።

ሽንኩርቱን ቀጭን ከትፈህ በጨው አሽተህ እጠበው፣ ከዚያ ሎሚ ወይም አቼቶ አፍስስበት፤ የሚያስለቅሰው ኃይሉ ይሄዳል፣ ኩርሽምታው ይቀራል። ለስጎው 3 እጅ ማዮኔዝ ከ1 እጅ ዳጣ ጋር ቀይጥ፤ ለአንድ ዳቦ 2 የሾርባ ማንኪያ። አዋዜ የምትጠቀም ከሆነ በርበሬውን በዘይት ለ2 ደቂቃ በዝግታ አብስለው፤ ጥሬ በርበሬ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስጎውን ከድንቹ በላይ አድርገው እንጂ መጀመሪያ ዳቦው ላይ አታፍስስ። ድንቹ እንደወጣ፣ ዘይቱ ገና ሳይደርቅ፣ ጨው ነስንስበት፤ ሲቀዘቅዝ የተነሰነሰ ጨው አይይዝም።

«ከአቮካዶ ሌላ የጾም ሳንድዊች የለም ወይ?»

*በጾም ከአቮካዶና ከአትክልት ሳንድዊች ውጪ ሰልችቶኛል። ዓሣ ስለማልበላ ቱናውን ተዉት። አቮካዶውም ሥራ ቦታ ሲደርስ ይጠቁርብኛል። የጾም ማዮኔዝ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል? (ከሰበታ)*

እህታችን፣ የሚሰለቸው አቮካዶ አይደለም፣ ያለ ጨውና ያለ ሎሚ የቀረ አቮካዶ ነው። በ1 መካከለኛ አቮካዶ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ የተከተፈ ቃሪያ፤ በሹካ ብቻ ደፍጠጥ ያድርጉት፣ ጎርበጥ ጎርበጥ ይበል። የሚያጠቁረው አየር ነው። ሎሚው ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ፍሬውን መሐሉ ላይ መተው ፍሬው የነካውን ብቻ ይጠብቃል፤ ሌላው ይጠቁራል። የሚሻለው ልል በሆነ ክዳን ሳይሆን ላዩን በሚነካ ፕላስቲክ ተጭኖ በትንሽ ዕቃ ይዞ ሄዶ ዳቦው ላይ እዚያው መቀባት ነው።

ከዚያ በተረፈ ግን ጓዳዎ ውስጥ ያለውን እየረሱት ነው። ለሳንድዊች ከቡቲቻ የተሻለ የጾም ነገር አናውቅም። 2 ስኒ ውሃ ከሩብ ስኒ ዘይትና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ያፍሉ። እሳቱን ይቀንሱና 1 ስኒ የሽምብራ ዱቄት በትንሽ በትንሹ እየነሰነሱ በኃይል ያማስሉ። በአንዴ ከጨመሩት ይጓጉላል። ከድስቱ ግድግዳ እስኪላቀቅና የጥሬ ዱቄት ሽታው እስኪጠፋ፣ 10 ደቂቃ ገደማ፣ ያብስሉት። ሰፋ ባለ ሰሐን ዘርግተው ሙሉ ለሙሉ ሲቀዘቅዝ በሹካ ይፈርፍሩትና ደቃቅ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የ1 ሎሚ ጭማቂና 1 የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ ይቀይጡበት። ትኩስ ሳለ ከፈረፈሩት ይለቁጣል። መልኩ እንቁላል ፍርፍር ይመስላል፤ ዳቦ ውስጥ ረግቶ ይቀመጣል፣ ውሃ አይተፋም።

አዚፋም እንዲሁ ነው። 1 ስኒ ድፍን ምስር ቀቅለው ውሃውን በደንብ ያጥንፉ፤ ግማሹን ይደፍጥጡ፣ ግማሹን እንዳለ ይተዉት። ሙሉው ምስር ብቻ ከሆነ ዳቦው ሲነከስ እየተንከባለለ ይወድቃል። በሰናፍጭ፣ በሎሚ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ አጣፍጠው ከቀጭን የጥቅል ጎመን ክትፍ ጋር ዳቦ ውስጥ ያድርጉት።

ማዮኔዙ ይቻላል፤ የሚሠራው ሽምብራ ከተቀቀለበት ውሃ ነው። የተዘፈዘፈ ሽምብራ ያለ ጨው ቀቅለው በራሱ ውሃ ውስጥ ያቀዝቅዙት። ውሃው እንደ ቀጭን አጥሚት ካልወፈረ ለብቻው አፍልተው ይቀንሱት፤ ቀጭን ውሃ ዘይት አይሸከምም። ከዚህ ውሃ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ብሌንደር ውስጥ ያዙሩ። እየዞረ 180 ሚሊ ሊትር የሱፍ ዘይት እንደ ክር ቀጭን አድርገው ያንቆርቁሩ፤ ይህ ብቻውን 2 ደቂቃ ይውሰድ። ዘይቱ ከተጣደፈ ይለያያል። ከተለያየ አይጣሉት፤ ብሌንደሩን አጥበው 1 የሾርባ ማንኪያ አዲስ የሽምብራ ውሃ ያዙሩና የተለያየውን ልክ እንደ ዘይቱ በቀጭኑ ያንቆርቁሩበት፤ ይመለሳል። ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል።

ዳቦውንም ይጠይቁ። ለስለስ ያለው የበርገር ዳቦ ብዙ ጊዜ ወተት፣ ቅቤ ወይም እንቁላል ይገባበታል። ተራው ፉርኖ ግን ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ነው።

«ዳቦው በአንድ ሌሊት ይደርቃል፣ እንቁላሉም አይበስልም»

*አዲስ አበባ ሳለሁ በ10 ደቂቃ የሚበስል እንቁላል ሱሉልታ መሐሉ ይቀራል። ዳቦም ፍሪጅ ውስጥ ባስቀምጠው በማግስቱ ድንጋይ ነው። (ከሱሉልታ)*

ሁለቱም ትክክለኛ ትዝብት ናቸው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ 92 አካባቢ ነው፤ ሱሉልታ ከዚያም ያንሳል። እሳት መጨመር ውሃውን ያተነዋል እንጂ አያግለውም፤ የሚጨመረው ጊዜ ነው። ውሃው ከፈላ በኋላ 13 ደቂቃ ይስጡትና ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይክተቱት። ካልቀዘቀዘ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥልና አስኳሉን አረንጓዴ ቀለበት ይከበዋል።

ዳቦውን ግን ፍሪጁ ነው ያደረቀው። ዳቦ የሚጠነክረው ውሃ ስላጣ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ስታርች ተመልሶ ስለሚረጋ ነው። ይህ ደግሞ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ከሁሉ ይፈጥናል። ለአንድ ቀን ከሆነ በጨርቅ ጠቅልለው ክዳን ባለው ዕቃ ከፍሪጅ ውጪ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ቆርጠው ፍሪዘር። የደረቀውን ለመመለስ ቅርፊቱን በእርጥብ እጅ አበስ አበስ አድርገው፣ በጋለ መጥበሻ ላይ ክዳን ገጥመው በትንሽ እሳት 4 ደቂቃ ያሙቁት። ሙቀቱ ስታርቹን ያላላዋል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ስለሚጠነክር ግን እዚያው ይሥሩበት፣ እዚያው ይብሉት።

«ሳንድዊች የሰው ስም ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» *(ተማሪ፣ ከቡራዩ)*

የማዕረግ ስም ነው። ሳንድዊች በእንግሊዝ አገር የምትገኝ ከተማ ናት፤ ጆን ሞንታጉ (1718–1792 እ.ኤ.አ.) ደግሞ የዚያች ከተማ 4ኛው ኧርል (የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረግ ነው) ነበር። ከቁማር ጠረጴዛ ላለመነሳት ሥጋ በዳቦ መሐል አስመጣ የሚለው ወሬ ገናና ነው፤ የባሕር ኃይል ሹም ስለነበር ያስመጣው ለሥራ ጠረጴዛው ሳይሆን አይቀርም የሚሉም አሉ። ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተገኘው በታሪክ ጸሐፊው ኤድዋርድ ጊበን ማስታወሻ፣ በኖቬምበር 24 ቀን 1762 እ.ኤ.አ. ነው። በማሽን ተቆርጦ የታሸገው ዳቦ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽያጭ የቀረበው በ1928 እ.ኤ.አ. ሚዙሪ፣ አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ማሽኑን የሠራው ኦቶ ሮህዌደር ይባላል። እንጀራ ለሚጎርስ ሕዝብ ምግብን በምግብ ጠቅልሎ መብላት አዲስ ነገር እንዳልሆነ ግን ለጓደኞችህ ንገራቸው።

«አይቡ አይቀልጥም»

*ወተት ከእኛው ስለሆነ አይብ አይጠፋም። ዳቦ ውስጥ አድርጌ ስጠብሰው ግን እንደ ፒዛ ቺዝ አይሳብም፤ ይደርቃል። (ከሆለታ)*

አይቀልጥም፤ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። የሚሳበው ቺዝ ወተቱ በሬኔት (ወተት በሚያረጋ ኢንዛይም) የረጋ ነው፤ ፕሮቲኑ ሲሞቅ ይላላል። አይብ ግን በኮምጣጤነትና በሙቀት የረጋ ስለሆነ ፕሮቲኑ ሲሞቅ ይበልጥ ይጣበቃል፣ የያዘውንም አጓት ይለቃል። እየደረቀ ዳቦዎን የሚያርስብዎ ለዚህ ነው።

ስለዚህ አይቡን አይጥበሱ። በንጹሕ ሻሽ ቋጥረው 3 ሰዓት ያንጠልጥሉትና አጓቱ ይንጠፍጠፍ። ለ150 ግራም አይብ 1 የሾርባ ማንኪያ የለጋ ቅቤ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ደቃቅ ቃሪያና ትንሽ በሶብላ ይቀይጡበት። ዳቦውን ለብቻው ጠብሰው ቀዝቃዛውን አይብ በትኩሱ ዳቦ ላይ ያድርጉት። መሳቡ ካማረዎ ግን 2 እጅ የተፈቀፈቀ ፕሮቮሎኔ ቺዝ ከ1 እጅ አይብ ጋር ቀይጠው፣ በትንሽ እሳት ክዳን ገጥመው በየጎኑ 3 ደቂቃ ይጥበሱት። እሳቱ ከበዛ ቺዙ ሳይቀልጥ ዳቦው ያራል።

«ጥብሱ ሲነከስ ሙሉው ይወጣል»

*ጥብስ በዳቦ እወዳለሁ። ግን አንዴ ስነክሰው ሥጋው ተጎትቶ ይወጣና ባዶ ዳቦ እጄ ላይ ይቀራል። (ከዱከም)*

ሥጋው የተቆረጠው ከጭረቱ ጋር ስለሆነ ነው። ሥጋውን ብርሃን ላይ አድርገው ሲያዩት ወደ አንድ ወገን የተኙ ክሮች አሉት። ቢላዎ እነዚያን ክሮች አቋርጦ መቁረጥ አለበት፤ ክሩ ካጠረ ጥርስ ሳይታገል ይበጥሰዋል። የእኛ ሥጋ በአብዛኛው በታረደ በቀኑ ወይም በማግስቱ ስለሚበላና ለመለስለስ ጊዜ ስለማያገኝ ይህ ጉዳይ ለእኛ ይበልጥ ይከብዳል።

ሽንጥ ይግዙ። 40 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩትና ጠንከር ሲል 3 ሚሊ ሜትር ስስ አድርገው ይቁረጡት፤ ለአንድ ዳቦ ጥሬው 120 ግራም ነው። በወረቀት አድርቀው፣ መጥበሻው ሊጨስ ሲል በየተራ በትንሽ በትንሹ ይጣሉ። ሁሉንም በአንዴ ከከተቱት መጥበሻው ይቀዘቅዝና ሥጋው በገዛ ውሃው ይቀቀላል፤ ግራጫ ይሆናል። ሲጠበስ በየጎኑ 1 ደቂቃ ይበቃዋል። ጨውና የጥብስ ቅጠል መጨረሻ ላይ ነው። አውጥተው 3 ደቂቃ ያሳርፉት፤ በዚያ መሐል በዚያው መጥበሻ ቀይ ሽንኩርት ቡናማ እስኪሆን ጠብሰው ከሥጋው የወጣውን ፈሳሽ ይመልሱበትና ሽንኩርቱን እስኪይዝ ያትኑት። ዳቦውን ከፍተው መጥበሻው ላይ ይድፉት፤ የቀረውን ቅባት ይጠርግልዎታል። አንዱን ገጽ ሰናፍጭ፣ ሌላውን አዋዜ ይቀቡ። የተረፈ ጥብስ ከሆነ ሳያሞቁት አይክተቱት፤ የበሬ ስብ ሲቀዘቅዝ ላንቃ ላይ ይረጋል።

«መብራት ከጠፋ የቱና ሳንድዊቹ ይበላል?» *(ከገላን)*

ፍሪጁ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። መብራቱ ከዚያ በላይ ከቆየ ከማዮኔዝ ጋር የተለወሰ ቱና ይጣል። ሽቶ ማረጋገጥ አይቻልም፤ የሚያሳምመው ሁሉ አይሸትም። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር የሚሻለው ቆርቆሮውን ሳይከፍቱ ማቆየትና በሚበላበት ሰዓት መለወስ ነው። ለአንድ ቆርቆሮ ቱና ዘይቱን ወይም ውሃውን በማንኪያ ጨምቀው ያጥንፉ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሎሚ፣ ታጥቦ የተጨመቀ ሽንኩርትና ቃሪያ ይጨምሩ፤ ሁለት ዳቦ ይወጣዋል። ከተረፈ በከፈቱት ቆርቆሮ ውስጥ አያሳድሩት፤ ክዳን ባለው የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ይገልብጡት፣ በማግስቱም ይጨርሱት።